ስለ ስድስተኛው ዘፈን የመጡት ሽማግሌዎች

«ግጥሙን ማን ሠራልሽ?»

አልበም እየሠራሁ ነው ባልኩበት ሁሉ የሚገጥመኝ ጥያቄ ይሄ ነው። እንዴት ነሽ የለም፣ ምን ዓይነት ዘፈን ነው የለም፣ ግጥሙን ማን ሠራልሽ። ራሴ ነኝ ስል «እሺ፣ ዜማውንስ?» ይላሉ። እሱንም ራሴ ነኝ ስል ፈገግ ይላሉ፤ የሚያቃጥለኝ ያ ፈገግታ ነው። ሕፃን ልጅ «ሳድግ አውሮፕላን ነጂ ነው የምሆነው» ሲል የሚሰጠው ፈገግታ። በኛ አገር ዘፋኝ ማለት ድምፅ ነው፤ ግጥም ከገጣሚ፣ ዜማ ከዜማ ደራሲ ይመጣል፣ ዘፋኟ አፏን ትከፍታለች፣ በቃ። በዚያ ላይ ሴት ነኝ፣ በዚያ ላይ የቃሊቲ ልጅ፣ በዚያ ላይ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ልጅ። አንዱ የሬዲዮ ሰው እንዲያውም «የደበቅሽው ገጣሚ አለ፤ ንገሪኝ፣ ከኔ አይወጣም» ብሎኛል። ወላሂ፣ በዓይኑም ጠቀሰኝ።

«ሶልና አር ኤንድ ቢ ነው» ስላቸው ደግሞ ሌላ ጣጣ። ከወሎ ተነስተው መጥተው ቃሊቲ የከተሙት አክስቶቼ በአንድ አፍ ይነሱብኛል። «ባቲና አምባሰል ያለን ሰዎች፣ ምን አጥተን ነው የፈረንጅ እንጉርጉሮ?» ባቲው እኮ ውስጡ አለ! ከስር ከስር ቀስ እያለ ይሄዳል፤ የሚሰማ ጆሮ ካለ። ግን ትከሻ ካላስመታቸው ዘፈንም አይመስላቸው። ማስረዳት ሰልችቶኝ ተውኩት።

አልበሙን የምንሠራው ኮዬ ፈጬ፣ አቀናባሪው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፍራሽ አቁሞ ስቱዲዮ ይለዋል። ከቃሊቲ ተነስቼ፣ አውቶቡስ ተጋፍቼ፣ ታክሲ ተለማምጬ ስደርስ ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ከላይ ያለው ጎረቤት ግድግዳውን እየበሳ ነው። ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው ግድግዳ መብሳት መች እንደሚያቆም አላህ ነው የሚያውቀው። ነፍሴ እስክትወጣ ዘፍኜ፣ ይሄስ ተሳካልኝ ስል፣ መሀል ላይ ድርርርር! አቀናባሪው ራሱ ጥሩ ጆሮ አለው፣ ክፉ አመልም አለው፤ ቀስ ያለ ዘፈን ሲሰማ እጁን ይበላዋል።

«ትንሽ ምት እንጨምርበት። ሠርግ ላይ እንዲጫወቱት።»

«ጥሏት ሄዶ እያለቀሰች ነው እኮ!»

«እያለቀሰች ትጨፍራላ! ምን ችግር አለው?»

እንዲህ እየተነታረክን ስምንት ዘፈን ጨረስን። ስድስተኛውን ግን አልነካውም። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ቤዝ ጊታር፣ የኔ ድምፅ፣ ሌላ ምንም። ሰምቶ ሲጨርስ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀና፣ «ይሄ ከወጣ አልበም አለሽ፤ ይሄ ከቀረ ግን ሰባቱን ለሠርግ ቤት አከራዪያቸው» አለኝ። ይሄ ሰውዬ አመስግኖ አያውቅም። ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ የሰው ክርን ጎኔ ውስጥ ገብቶ፣ እኔ እቴ፣ እስቅ ነበር።

ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የመጣው ጉድ ሁሉ አይገባም።

ቤታችን ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ጎሚስታ አጠገብ ነው። ተሳቢው፣ ቦቴው፣ ሁሉም ጎማ ሊያስጠግን እዚያ ይቆማል። ፍሬኑ ፉስስ ሲል እናቴ የያዘችውን ሁሉ ትጥል ነበር። ነጠላዋን ትስብና በሩን ትከፍታለች፤ የሌላ ሰው መኪና ይሆናል፤ ትዘጋዋለች። ልጅነቴ በሙሉ ይሄንን በር ሳይ ነው ያለፈው። አባቴ ከጅቡቲ ተመልሶ መኪናውን ቃሊቲ ጋራዥ አቁሞ፣ እኛም መኪናውን አይተን፣ እሱ ግን ሳይመጣ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። አዳማ ሌላ ቤት ነበረው። እኛ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ተናግሮት አያውቅም። ዛሬ ጡረታ ወጥቶ፣ ወገቡን በቀበቶ አስሮ፣ ሳሎን ተቀምጦ ዜና ይሰማል። የአዳማው ቤትም ከፈረሰ ቆየ ይባላል፤ ማን ጠይቆ?

እኔ ታዲያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ሲቆም ሰማሁና በሩን ከፈትኩት፣
የሌላ ሰው መጪ፣ መልሼ ዘጋሁት።»

«እናቴ» አላልኩም፣ «እሷ» አላልኩም፤ «እኔ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ሶል የሚያምረው በ«እኔ» ነው፤ የሌላውን ሕመም በራስ ላይ ለብሶ። እንዲህ ካላደረግሁማ ዜና ማንበብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ግን ይቺ «እኔ» ነበረች።

ያልተጠናቀቀውን ቅጂ ለናቴ በስልኳ ላክሁላት። ጓዳ ገብታ ሰማችው። ስትወጣ «ድምፅሽ አምሯል» አለችኝና ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች። ይሄው ነው። እኔም ዘፈን አይገባትም ብዬ ተውኩት፤ ትንሽ ግን ከፋኝ።

ከዚያ ዘፈኑ ሰፈሩን ዞረ። የላከችው ራሷ እናቴ ናት፤ ለእድር ሴቶች። እነሱ ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸው ለታክሲ ረዳቱ። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሷ ጻፈችው ብሎ ያመነኝ ሰው አልነበረም። አሁን ሰፈሩ በሙሉ አመነ፤ አመነና ቁጭ ብሎ ሲያስበው፣ ራሷ ከጻፈችው ደርሶባታል ማለት ነው! ገጣሚ ቢሰጣት ኖሮ ዘፈን ነበር። ራሷ ጻፈችው እንጂ፤ እንግዲያው ማስረጃ ነው። ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴትዮ መርቃልኝ፣ እጄን ይዛ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ እኔም ቀምሻታለሁ» አለችኝ። ፀጉር ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። የሰፈሩ ጎረምሶች ባለፍኩ ቁጥር «መልሼ ዘጋሁት!» እያሉ በር ይዘጋሉ። «ስለኔ አይደለም፣ ዘፈን ነው እኮ!» ብል፣ «እሺ እህቴ፣ ገብቶናል» ይሉኛል፤ ደግሞ ያ ፈገግታ! ማበድ አማረኝ።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግልጽ ነው። ማነው?

መልሱም ብዙ አልቆየም። ሳሪስ አቦ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያለው ሰው ነበር። ከዓመታት በፊት ጥቂት ማኪያቶ አብረን ጠጥተናል፤ ቤተሰቦቹ ሊመጡ ነው ተብሎም ነበር። ከዚያ ጠፋ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጥፋቱን ያወቅሁት ስልክ ስቀይር ቁጥሩን መገልበጥ ረስቼ ነው። ሰፈሩ ግን ደመደመ፤ «መኪና አለው አይደል? በቃ፣ እሱ ነው!» እናቴን ጠየቋት። ያቺ ብልህ ሴት፣ ከአፏ ተርፎ የሚወጣ ቃል የሌላት፣ «እሱ ሳይሆን አይቀርም» አለች። ሰምቼ ልተኛ አልቻልኩም። በነጋታው ስጮህባት «ሰው ያለው ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ይባስ ብላ ሽማግሌ ላከችበት።

እኔ ያወቅሁት ሽማግሌዎቹ መልሱን ይዘው ሲመጡ ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነበር። ዘፈኖቹ ተጠናቀው፣ አልበሙ ሊለቀቅ አንድ ሳምንት ቀርቶት፣ እኔ የሽፋኑን ፎቶ እየመረጥኩ። የሰፈራችን ሐጂና የእድሩ ሊቀመንበር ጋሼ ከነከዘራቸው ገቡ። ጋሼ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ሐጂ እህል ነጋዴ ነበሩ። የሰፈሩን ጠብ ሁሉ እነዚህ ሁለቱ ናቸው የሚፈቱት። እናቴ ለስላሳ ከፍታ አቀረበችላቸው፤ አልነኩትም። ጉዳያቸው እሺ ሳይባል ሽማግሌ አይጠጣም። አባቴ ሶፋው ላይ ነው፤ የዜናውን ድምፅ ቀነሰ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «ሄደን አነጋግረነዋል። ልጁ አልካደም።»

«ምኑን ነው ያልካደው?»

«በደሉን ነዋ!»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲባል እሰማ ነበር። እነዚህ ጭራሽ ኩበቱን አግኝተውት መጡ!

«አለቀሰ እኮ» አሉ ጋሼ። «መኪናዬን በራቸው ላይ አቁሜ፣ መግባት ፈርቼ የተመለስኩበት ቀን ነበር፤ ለካ በሩን ከፍታ ታየኝ ነበር ብሎ አለቀሰ።»

«ጋሼ፣ በራችን ላይ ሲቆም የሚውለው እኮ የጎሚስታው መኪና ነው!»

«ተይ ልጄ። አምኗል ስንልሽ።»

ሰውየው ዘፈኔን ሰምቶ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ለራሱ ወስዶታል። እኔ ቁጥሩን የረሳሁት ሰው! በደለኛነት እንዲህ የሚያኮራ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ሐጂ ቀጠሉ። ይቅርታ ጠይቋል፤ ይቅር በይው። በሚቀጥለው ወር ኒካህ ያስራል፤ የልጅቷ ቤተሰቦች እዚያው ሳሪስ ናቸው፣ ዘፈኑን ሰምተው አኩርፈዋል። ስለዚህ ያ ዘፈን ከአልበሙ ይቅርልኝ ብሎ ለምኗል።

«እኛም እሺ ብለንለታል» አሉ።

«ማንን ጠይቃችሁ?»

«ሽማግሌ ነን እኮ፣ ልጄ።»

ደሜ ፈላ። ስንት ቀን አውቶቡስ ተጋፍቼ፣ ስንት ቀን ከድሪል ጋር ታግዬ፣ ከስምንቱ ውስጥ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ይሄ የኔ ነው ብዬ ደረቴን የምነፋበት ዘፈን አለኝ፤ እሱን ደግሞ ሳልጠየቅ ሰጥተውት መጡ። እንቢ ልል? ሽማግሌ አሳፍሮ የመለሰ ቤት ነገ ለቅሶ ቢደርስበት ድንኳን ማን ይተክልለታል? እናቴና አባቴ እዚህ ነው የሚኖሩት፤ እኔ ብቻ ብሆን እብስ እል ነበር። ማምለጫው አንድ ነው፣ እውነቱን መናገር። «ስለሱ አይደለም፤ ስለ እናቴ ነው። ያስጠበቃት ይሄ ሶፋው ላይ ያለው ሰውዬ ነው።» ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አፌን ስከፍት እናቴ ተነሳች።

«እስቲ አንዴ ወደ ጓዳ ነይ» አለችኝ። «ይቅርታ ሐጂ፣ አንድ ጊዜ።»

ጓዳ ገብተን በሩን ገፋ አደረገችው።

«ልትነግሪያቸው ነበር።»

«ምኑን?»

«አታሞኚኝ። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ነው ያወቅሁት። ያ በር የኔ በር ነው።»

ደነገጥኩ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። «ታዲያ እያወቅሽ ነው ሽማግሌ የላክሽው? እያወቅሽ ነው በኔ ስም ሰውዬውን ሰፈሩ ላይ የለጠፍሽው?»

«ሰው የማን ነው ማለቱ ይቀራል? አይቀርም። ባለቤት ካላገኙለት ዞሮ ዞሮ እዚህ ነው የሚመጡት። እዚህ ሰፈር የነበሩ ሁሉ እኔን ያውቁኛል፤ ስንቴ በሩን ስከፍት አይተውኛል። ስለዚህ ቀድሜ ባለቤት ሰጠሁት።»

«እኔን የተጣለች ሴት አደረግሽኝ እኮ እማዬ! በታክሲ ውስጥ ሰው ያዝንልኛል!»

«አንቺ ወጣት ነሽ፤ ያልፋል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባትሽ ጥርሱ ረግፎ፣ ወገቡ ተሰብሮ፣ ቤቱ የገባው ገና አሁን ነው። ስጠብቅ ኖሬ አሁን አገኘሁት። ደግሞ አንቺ በዘፈን ልታስወጪብኝ ነው?»

አሳዘነችኝ። ግን ንዴቱም አልለቀቀኝም። እሷ ላይ ተናድጃለሁ፣ እሱ ላይ ተናድጃለሁ፣ «እኔ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ላይም ተናድጃለሁ።

«ዘፈኑን አልተውም» አልኳት። «ሞቼ እገኛለሁ።»

«ተይው መች አልኩሽ?» አለች። «ስንቴ ሰማሁት መሰለሽ! ሽንኩርት ስከትፍ፣ ልብስ ሳጥብ። ያንን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሆነሻል ያለኝ ሰው የለም። ዝፈኚው። ግን የዚያ ሰውዬ ይሁን።»

«ሽማግሌዎቹ እኮ ለሱ ቃል ሰጥተዋል!»

እናቴ እንደ ሞኝ አየችኝ። «እነሱ ራሳቸው ተበዳይ ነሽ አላሉሽም? ከመቼ ወዲህ ነው በዳይ ካሳ የሚቀበለው? ሂጂና ካሳሽን ጠይቂ።»

ወጣሁ። ፊታቸው ቆምኩ። ሐጂ «እህስ?» አሉ።

«አዎ፣ ስለሱ ነው» አልኩ። ተበድለሻል ባሉኝ ነገር ያልተበደልኩት እኔ፣ በዚያች ሰዓት ግን በእውነት ተበደልኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ግጥሙን ማን ሠራልሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አሁን የሚጠይቁት «እሱስ ሰማው?» ነው። ቁጭ ብዬ ስንት ወር ስሰርዝ ስጽፍ የከረምኩበት ሥራ ያመለጠኝ እንባ ሆኖ ቀረ። «ይቅር ብዬዋለሁ» አልኩ። «ካሳዬ ግን ዘፈኑ ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሁለቱ ተያዩ። ጋሼ «ሠርጉስ?» ብለው ማጉረምረም ጀመሩ። ሐጂ ግን እጃቸውን አነሱ።

«እውነቷን ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን። የተበዳይዋን ካሳ ሳንጠይቅ ለበዳዩ ቃል ሰጠን፤ ይሄ በየትም አገር ሽምግልና የለም። ዘፈኑ ይውጣ። ስሙን ግን በማንም ፊት አታንሺ፤ እሱ ደግሞ ለአማቾቹ የራሱን መልስ ያበጅ።»

ስሙን አላነሳም አልኩ፤ ይሄ ቀላል ነው፣ እንዲያውም ለማስታወስ ነው የሚከብደኝ። ሁለቱም ለስላሳቸውን አነሱ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሐጂ ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ አባቴ ተናገረ። ዘፈኔን ሰምቶት አያውቅም፤ ታሪኩን ገና ከሽማግሌዎቹ አፍ መስማቱ ነው።

«ቆዩ» አለ። «ይቺ ልጅ በሩን ከፍታ እየጠበቀችው፣ መኪናውን አቁሞ፣ ሳይገባ ሄደ ነው የምትሉኝ?»

«ያለፈ ነገር ነው እንግዲህ» አሉ ጋሼ።

«በር ላይ? የኔን ልጅ?»

ከሶፋው ለመነሳት ሞከረ፤ ወገቡ አልፈቀደለትም። ፊቱን አየሁት። ደም ሥሩ ተገትሯል። እየጠበቅሁ ነበር፤ አንዲት ጊዜ እንኳ ወደ እናቴ ዞር ይላል ብዬ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ያፍራል ብዬ። ምንም። ራሱን አልጠረጠረም። ከልቡ፣ ከአንጀቱ ነበር የተናደደልኝ።

«ሴት በር ላይ አስጠብቆ ሌላ ቤት የሚገባ ወንድ» አለ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ «አላህ የእጁን ይስጠው!»

ሐጂ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ጋሼ ወደ ለስላሳቸው አጎነበሱ፤ ለዱዓ በተቀመጡበት እርግማን ላይ ማን ይመልሳል?

እናቴ ብቻ፣ ከጓዳው በር ላይ ሆና፣ «አሜን» አለች።